ጉልበቱ ቀኑን ይወስን

 

 እዚህ አሶሳ ጋባዦቼ በጥያቄ መልክ ያቀረቡልኝ ርዕስ «ጉልበቱን የተጎዳ ሰው እያገገመ ለማራቶን መዘጋጀት ይችላል ወይ?» የሚል ነው። መልሱን እስከ መጨረሻው አላቆይባችሁም፤ ይችላል። የሚችለው ግን የውድድሩን ቀን ጉልበቱ እንዲወስንለት ሲፈቅድ ነው። ቀኑን አስቀድሞ ቆርጦ ጉልበቱን ወደዚያ ቀን የሚጎትት ሰው፣ ብዙ ጊዜ ቀኑንም ጉልበቱንም ያጣል። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነው፤ ደጋግሜ ብመለስበት አትታዘቡኝ።

ሐኪም አይደለሁም። የስፖርት ሳይንስ መምህር ነኝ፤ ሯጭም ነኝ። ቀኝ ጉልበቴ ተጎድቶ፣ አገግሜ ወደ ረጅም ርቀት ተመልሻለሁ። ስለዚህ የምናገረው በመጽሐፍ ያነበብኩትንም፣ ሌሊት ጉልበቴን ይዤ እየተገላበጥኩ ያወቅኩትንም ነው።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። በዚህ አዳራሽ ላለ ሰው ርቀቱን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ከአሶሳ ተነስቶ ባምባሲ ለመግባት ጥቂት ሲቀር ማለት ነው። ያን መንገድ በእግሩ የሚጨርስ ሯጭ ከሰላሳ ሺህ በላይ እርምጃ ይረግጣል። በእያንዳንዱ እርምጃ የጉልበት ሎሚና ከሥሩ ያለው መገጣጠሚያ ከሰውነታችን ክብደት ከአራት እጥፍ በላይ የሆነ ጫና ይቀበላሉ። ጤነኛና የለመደ ጉልበት ይህን ይችላል። ጥያቄው ያልዳነው ጉልበት መቼ ይችላል የሚለው ነው።

ንግግሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያ የራሳችን ታላላቅ ሯጮች ጉዳት ሲገጥማቸው ምን እንደሆኑ አነሳለሁ። ቀጥሎ ጉልበት እንዴት ተመልሶ እንደሚጠነክር እናያለን፤ ሰፊውን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። በመጨረሻ አሶሳ ላይ፣ በዚህ ሙቀትና በዚህ ዝናብ፣ ይህን እንዴት እንደምናደርገው እንነጋገራለን። የውድድሮችን ቀንና ዓመት የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። ኅዳር 7 ቀን 2010 ኃይሌ ገብረሥላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ የኒውዮርክ ማራቶንን ሮጠ። 37 ዓመቱ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ነው። ከውድድሩ በፊት የተነሣው ምስል በቀኝ ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ መቋጠሩንና ጅማቱ መቆጣቱን አሳይቶ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሮጠ። ከ25 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ በኩዊንስቦሮ ድልድይ አካባቢ ጉልበቱ አቆመው። በዚያው ቀን በጋዜጠኞች ፊት ሩጫ ማቆሙን ተናገረ። ውድድሩን ያሸነፈው የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠው የአገራችን ልጅ ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም ነበር። እኛ ግን ያን ምሽት ድሉን ለማክበር እንኳ አንደበታችን ተሳስሮ ነበር።

ከቀናት በኋላ ኃይሌ ውሳኔውን ቀየረ። በሚቀጥለው ሚያዝያ ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን ሮጦ በ1 ሰዓት ከ18 ሰከንድ አሸነፈ። ከውድድር መድረክ በይፋ የተሰናበተው በ2015 ማንቸስተር ላይ ነው። በኒውዮርኩ መሰናበቻና በማንቸስተሩ መሰናበቻ መካከል አራት ዓመት ተኩል አለ።

ይህን ታሪክ የማነሳው ኃይሌን ለመውቀስ አይደለም። ጉልበቱ እየነደደ ያለ ሰው የሚወስነው ውሳኔ ምን እንደሚመስል ስለሚያሳይ ነው። ሕመም ሲበረታ ሁለት ድምፆች ይመጣሉ። አንዱ «በቃህ፣ ከእንግዲህ ሯጭ አይደለህም» ይላል፤ ሌላው «ችለህ ሩጥ፣ ወንድ ሁን» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከሕመሙ ነው። እናንተም፣ አሠልጥናችሁ የምታሳድጓቸው ልጆችም፣ ጉልበት በተጎዳበት ቀን ስለ ወደፊት ሩጫችሁ ምንም ነገር አትወስኑ። እብጠቱ ይውረድ፤ የሚመረምር ሰው ይየው፤ ከዚያ ትወስናላችሁ።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ቀነኒሳ በቀለ ነው። ጥር 2015 ዱባይ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ተጎድቶ ከውድድሩ ወጣ። የተጎዳው ከተረከዙ በላይ ያለው የአኪለስ ጅማቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያን ዓመት ሙሉ ማራቶን አልሮጠም። ስንቶቻችን «ቀነኒሳ አለቀ» እንዳልን ታስታውሳላችሁ። በሚያዝያ 2016 ለንደን ላይ ሦስተኛ ወጣ፤ በመስከረም በርሊንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ አሸነፈ፤ በ2019 እዚያው በርሊን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። ያኔ ከዓለም ክብረ ወሰን የራቀው በሁለት ሰከንድ ብቻ ነው። በ41 ዓመቱ፣ በ2024፣ ለንደን ላይ ሁለተኛ ሆነ። ያ የጠፋ የሚመስለው ዓመት ከዚህ ሁሉ በፊት ነው የመጣው።

ትዕግሥት አሰፋን ደግሞ እዩ። ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ የ800 ሜትር ተወዳዳሪ ነበረች። ሹል ጫማ አድርጋ በመም ላይ ስትሮጥ የአኪለስ ጅማቷ አላስቀምጥ ስላላት ወደ ጎዳና ሩጫ ዞረች። በ2023 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ጉዳቷን ሰምታ መንገዷን ቀየረች፤ የተሻለውም መንገድ ያ ሆነ።

አንድ ስም ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ስለማይነሳ። ለፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን የተመረጠው ሲሳይ ለማ ነበር፤ በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነው። ውድድሩ ሲቃረብ ጉዳት ገጠመው። ቦታውን ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ፤ ታምራትም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን አመጣ። ኦሎምፒክ በአራት ዓመት አንዴ ነው። ለሯጭ ከዚህ የከበደ ቀን የለም። ሲሳይ ያንን ቀን መተው ከቻለ፣ እኛ የክልል ሻምፒዮና ወይም የከተማ ሩጫ መተው አያቅተንም። እኔ ስለ ፓሪስ ባወራሁ ቁጥር የሲሳይን ስም ከታምራት ስም ሳልለይ እጠራለሁ።

አበበ ቢቂላም ሜክሲኮ ላይ በ1968 ያልዳነ የእግር ጉዳት ይዞ ተነሳ፤ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣልን። ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈ እግር እንኳ ሳይድን 42 ኪሎ ሜትር አይሸከምም።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ጉልበቱ እንምጣ።

ጉልበት እንደ ባጃጅ ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። ሕይወት ያለው አካል ነው፤ የሚመጥነውን ጫና ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ጫና ሲያጣ ይደክማል፣ ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት ይቆጣል። ለጤናቸው በልክ የሚሮጡ ሰዎችንና የማይንቀሳቀሱ ሰዎችን ያነጻጸረ ሰፊ ጥናት አለ። የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት የታየው በልክ ከሚሮጡት 3.5 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሲሆን፣ ከማይንቀሳቀሱት ደግሞ 10.2 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። «ሩጫ ጉልበት ይበላል» የሚለውን የሰፈር ምክር በዚህ መልሱለት። በከፍተኛ ደረጃ የሚወዳደሩት ግን ከሁለቱም በላይ ተጎድተው ተገኝተዋል። ልክ የሚባለው ነገር አስፈላጊነቱ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጉልበት ሲያብጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይከሰታል። የፊተኛው የታፋ ጡንቻ በራሱ ይዳከማል። እብጠቱ ለነርቭ በሚያስተላልፈው መልእክት ምክንያት አንጎል ያን ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ አያዘውም። ሕመሙ ከጠፋ በኋላም ታፋው ቀጥኖ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ፤ ከጉልበት ሎሚ በላይ በሁለቱም እግር እኩል ርቀት ላይ ምልክት አድርጋችሁ ታፋችሁን ለኩ። በተጎዳው እግር በኩል የቀጠነ ከሆነ፣ ሕመም የለኝም ብላችሁ መሮጥ ብትጀምሩም ጫናውን ሊቀበል የሚገባው ጡንቻ ገና አልተመለሰም። ጫናው በቀጥታ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፤ ጉዳቱም ይመለሳል። «ድኜ ነበር፣ እንደገና አመመኝ» የሚሉ ልጆች አብዛኞቹ እዚህ ጋ የወደቁ ናቸው።

ስለዚህ ሩጫ ከመጀመሩ በፊት ጡንቻ ይሠራል። ጂም አላልኩም። ወንበር፣ ደረጃ፣ ግድግዳና አምስት ሊትር ውሃ የሚይዝ ጀሪካን ይበቃል። ግድግዳ ተደግፎ ጉልበትን አጥፎ መቆየት፤ ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቀስ ብሎ መውጣትና በተለይ ቀስ ብሎ መውረድ፤ በጀርባ ተኝቶ በአንድ እግር ዳሌን ማንሳት፤ በጣት ቆሞ ባትን ማጠንከር። ሲቀልላችሁ ጀሪካኑን ያዙ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ለወራት። አሰልቺ ነው፤ ማንም አያጨበጭብላችሁም። እኔን ወደ ሩጫ የመለሰኝ ግን ሌላ ምንም አይደለም፤ ይህ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሕመምን እንዴት እንመዝን? ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ስጡት። እስከ ሦስት ድረስ ያለ ሕመም ችግር የለውም፤ ትንሽ ሕመም ሁሉ ጉዳት አይደለም። ከሦስት ካለፈ ይቀነስ። ዋናው ፈተና ግን የሚመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከእንቅልፋችሁ ስትነሱ ጉልበቱ ከትናንት ጠዋት የባሰ ካመመ፣ ከደረቀ ወይም ካበጠ፣ የትናንቱ ልምምድ በዝቷል። እንደ ትናንት ጠዋት ከሆነ ትክክል ነበር። ይህን የማግስት ፈተና አስታውሱት፤ በልምምድ ላይ ሰውነት ይሞቃል፣ ሕመምም ይደበቃል፣ ጠዋት ግን አይደበቅም።

ከዚያ ሩጫው በደረጃ ይመጣል። በመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያለ ሕመም በፍጥነት መራመድ። ቀጥሎ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። የማግስቱ ጠዋት ከፈቀደ ሶምሶማው ይጨምራል፣ እርምጃው ይቀንሳል። ካልፈቀደ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ርቀትና ፍጥነት በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው አይጨመሩም። እርምጃችሁን አጠር አድርጋችሁ አዘውትሩት፤ በደቂቃ የምትረግጡት ቁጥር ከአምስት እስከ አስር በመቶ ሲጨምር ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ ጉልበትን ስለሚፈትን እስከ መጨረሻው ይቆይ።

እዚህ ላይ ዋናው ነገሬ ተመልሶ ይመጣል። የማራቶን ዝግጅት ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 20 ሳምንት ይወስዳል። ያ ቆጠራ የሚጀምረው ከየት ነው? ብዙዎች ከውድድሩ ቀን ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። ከጉዳት ለሚያገግም ሰው ቆጠራው የሚጀምረው ግማሽ ሰዓት ሳያቋርጥ ሮጦ የማግስቱን ጠዋት በሰላም ካለፈበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን ወደ ፊት ይቆጠራል። ውድድሩ የሚመረጠው ቆጠራው ከሚደርስበት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? የፈሰሰ ጤፍ ይለቀማል፤ በጉልበት ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት፣ ሜኒስከሱ፣ ከተቀደደ ግን አይለቀምም።

ሐኪም ዘንድ በአስቸኳይ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? ጉልበቱ ተጠምዝዞ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፤ ተቆልፎ አልዘረጋም ካለ፤ ስትረግጡበት ከከዳችሁ፤ ክብደት አልሸከምም ካለ፤ ወይም ትኩሳት ኖሯችሁ ጉልበቱ ቀልቶ ከጋለ። የመጨረሻው ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሌሊቱን እንኳ አታሳድሩት።

ስለ ወጌሻም ሳልናገር አላልፍም። በየቀበሌያችን የሚከበሩ፣ ስንቱን የረዱ ሰዎች ናቸው፤ እኔም አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ተጠምዝዞ ያበጠ ጉልበት አይታሽም፣ አይጎተትም። ውስጡ የተቀደደ ነገር ካለ ይብሳል። ለወጌሻዎቻችን የማቀርበው ልመና አንድ ነው፦ አሁን የቆጠርኳቸውን ምልክቶች ስታዩ እጃችሁን ሰብስባችሁ ወደ ሆስፒታል ላኩ። ሕመምተኛው እናንተን ነው የሚሰማው።

«ኤምአርአይ ካልተነሳሁ አልድንም» የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ ከዚህ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። የሠለጠነ እጅ መርምሮ ብዙ ነገር ይለያል። ምስሉም ብቻውን እውነቱን ሁሉ አይናገርም፤ ከ40 ዓመት በላይ ሆነው ምንም በማያማቸው ሰዎች ጉልበት ላይም የሜኒስከስ መቀደድ ይታያል። ሐኪሙ ያስፈልጋል ካለ ግን ይነሳ።

ሦስተኛው ነጥቤ አሶሳ ነች።

የረጅም ርቀት ሯጮቻችን የሚወጡት ከደጋ ነው፤ በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ነች፤ አሶሳ ደግሞ 1500 ሜትርን ትንሽ ታልፋለች። አየሩ እዚህ ያን ያህል አይሳሳም፤ ፈተናችን ሙቀቱ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ረጅም ሩጫ መሮጥ ለማንም አይበጅም፤ ለሚያገግም ሰው ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው፤ የደከመ ጡንቻ ጉልበትን አይጠብቅምና። ጎህ ሲቀድ ውጡ።

ከሙቀቱ ጋር የሚመጣ ሌላ አደጋ አለ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝተው ውጠው፣ አንዳንዴም ተወግተው የሚሮጡ ወጣቶች አሉ። ማስታገሻው የማግስቱን ፈተና ያጠፋባችኋል፤ ጉልበቱ ሲጮኽ አትሰሙትም። ሰውነት ውሃ አጥሮት ሳለ ሲወሰድ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። በአሶሳ ሙቀት ለመሮጥ ብላችሁ እነዚህን መድኃኒቶች አትውሰዱ። ይህን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ልመና ስሙኝ።

የረመዳን ጾም ላይ ያላችሁ ሯጮች፣ ያ ወር የማጠንከሪያ ልምምድ ወር ይሁንላችሁ። ከኢፍጣር በኋላ ውሃችሁን ጠጥታችሁ፣ ቤት ውስጥ በደረጃና በጀሪካን ሥሩ። በዐቢይ ጾም ያላችሁም ጡንቻ የሚገነባ ምግብ አይቅርባችሁ፦ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ክልላችን የሚያበቅለው ኦቾሎኒና ሰሊጥ አለ። የማሽላ ገንፎ ለረጅም ሩጫ የሚሆን ጥሩ ስንቅ ነው። ማንጎአችንን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይቆያል። ጭቃው የሚያዳልጥ ነው፤ ለጉልበት ደግሞ ከርቀት ይልቅ ድንገተኛ መጠምዘዝ ይከፋል። ከጉዳት የምታገግሙ ሰዎች ክረምቱን ለጡንቻ ሥራ፣ ለብስክሌትና ለእርምጃ ስጡት። መሬቱ መጠንከር ሲጀምር በተደለደለ አፈር መንገድ ላይ ሶምሶማ ጀምሩ። ኮሮኮንች ይቅርባችሁ። አስፋልቱን አልቃወምም፤ ውድድሩ እዚያ ላይ ስለሆነ ቀስ እያላችሁ አስለምዱት፤ ለመኪና ግን ተጠንቀቁ። ኃይሌ የመሠረተውና ከ2001 ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ጉልበቱ ለፈቀደለት ሰው ጥሩ የመጀመሪያ መለኪያ ይሆናል። እዚያ በሰላም የገባ ሰው ከዚያ በኋላ ስለ ግማሽ ማራቶን፣ ቀጥሎም ስለ ማራቶን ያስብ። ኅዳር ላይ ጉልበቱ ካልፈቀደ፣ በሚቀጥለው ኅዳርም ይሮጣል።

ከመውረዴ በፊት አሠልጣኞችንና የስፖርት መምህራንን በቀጥታ ላናግር። ልጆቹ ለእናንተ «አመመኝ» ማለት ይፈራሉ። ከቡድን እንዳይወጡ ይፈራሉ፤ በተለይ ሴት ልጆች ቤተሰብ «ድሮም ብለን ነበር» ብሎ እንዳያስቀራቸው ይደብቃሉ። እያነከሰ የሚሮጥ ልጅ ጀግና ነው ተብሎ ሲጨበጨብለት አይቻለሁ፤ ያ ጭብጨባ የስንቱን ጉልበት እንደጨረሰ ያየን እናውቃለን። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ማሟሟቂያ ከማስጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱን ልጅ «ጉልበትህ ዛሬ ጠዋት እንዴት ነቃ? ጉልበትሽ እንዴት አደረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያመመውን ከሜዳ አታባርሩት፤ ለብቻው የጡንቻ ሥራ ስጡት፣ ስሙም ከቡድኑ መዝገብ ላይ አይሰረዝ።